የዱር አራዊትን ነገር ለሕፃናት ስለ ማስተማር

የተማሪ ቤት ጊዜ እንደ ድኻ እንጀራ ነው፤ ለአንዱ ሲቈርሱለት ለሌላው ይጐድላል። ስለዚህ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ከንባብና ከጽሕፈት ከቍጥርም ጋራ የዱር አራዊትን ነገር ይማሩ ዘንድ ይገባል ሲባል፤ አስተዋዮች የሆኑ ብዙ ሰዎች ፊታቸውን ቢያጠቍሩ አያስደንቅም። ልጁ ገና ቃልን ከቃል አጋጥሞ ሳያነብ የቀበሮና የጭላዳ ነገር ምን ይሠራለታል? ይህስ የጠገበ አገር ጨዋታ ነው እንጂ፤ ገና ወንበርና መጽሐፍ ላልሞላለት ተማሪ ቤት የሚገባ ነውን? ይላሉ። አነጋገራቸው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ከዚህ ጥያቄ በታች ሌላ የሚከብድ ጥያቄ ተኝቷል። እርሱም፤ አባት በጠላትነት የሚያውቀውን አውሬ ልጁን ውደድ ብሎ የሚያስተምር አስተማሪ፤ ይህን የሚያደርገው በምን ሥልጣን ነው? የሚል ነው።

የፊተኛው ጥያቄ ቶሎ ይመለሳል። በኢትዮጵያ የፍጥረትን ነገር ለሕፃን ማስተማር ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። 22ቱ ፍጥረታት በስድስቱ ዕለታት እንዴት እንደ ተፈጠሩ፤ በሐሙስ ከባሕር በዐርብ ከምድር፤ በልብ የሚሳበው በእግር የሚሽከረከረው በክንፍ የሚበረው በየወገኑ እንዴት እንደ ወጣ፤ ይህ ሁሉ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር የኖረ ትምህርት ነው። ፊሳልጎስ የሚባለውም የአራዊት መጽሐፍ ከጽርእ ወደ ግዕዝ ከተመለሰ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ባለበት ደብር ያደገ ልጅ ገና ፊደል ሳይቈጥር አንበሳና ነብር ጻድቁን ከበው ቆመው አይቷል፤ ቍጥራቸውም 60 አንበሳና 60 ነብር መሆኑን ከእናቱ ሰምቷል። ዳዊት የሚደግም ተማሪ ደግሞ በ103ኛው መዝሙር፤ ከፍ ያሉ ተራሮች የዱር ፍየል መጠጊያ እንደ ሆኑ፤ የአንበሳ ግልገልም ምግቡን ከእግዚአብሔር እንደሚሻ በቃሉ ይዞታል።

ይሁን እንጂ በቀድሞው ትምህርትና ዛሬ በሚፈለገው መካከል ልዩነት መኖሩን መካድ አይገባም። ፊሳልጎስ አውሬውን የሚጠራው ለምሳሌ ነው፤ ምሳሌው ከተገኘ በኋላ አውሬው ይሰናበታል። ስለዚህም በእውነት በዱር የሚያገሣው አንበሳና፤ ማንም አይቶት የማያውቀው ከዐመዱ የሚነሣው ፊንክስ በአንድ መዝገብ ጐን ለጐን ተቀምጠዋል። ይህ ለነፍስ ትምህርት አይጐዳም። ነገር ግን አውሬው ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚወልድ፣ ስለ ምንም ቍጥሩ እያነሰ እንደ ሄደ ለማወቅ የሚወድ ሰው፤ ከመጽሐፉ ቀና ብሎ ወደ ተራራው መመልከት ግድ ይሆንበታል። እንዲህ ያለው መመልከትም ቢሆን ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። ቅዱስ ያሬድ ትምህርት እምቢ ብሎት ከመምህሩ ዱላ ሸሽቶ በዛፍ ሥር በተቀመጠ ጊዜ ያስተማረው፤ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ዛፉን የወጣው ትል እንደ ሆነ የማያውቅ ካህን የለም። ታሪኩ የሚተረከው ስለ ትዕግሥት ነው፤ መልካምም ነው። ግን ያሬድ ትዕግሥትን ከመማሩ በፊት ሌላ ነገር አድርጓል፤ አንድን ትል ቁጭ ብሎ ሰባት ጊዜ ተመልክቷል።

ዛሬ ያለው የሕፃናት ዕውቀት ግን የተገላቢጦሽ ሆኗል። ልጁ በግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የፊደል ሥዕል ዝሆንንና ቀጭኔን ለይቶ ይጠራል፤ አንዳንዱም በአውስትራልያ ያለውን ካንጋሮ ያውቃል። ከመንደሩ በላይ ባለው ጋራ ስለሚኖረው ቀይ ቀበሮ ግን፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም እንደማይገኝ፤ ዕድሜያቸው ከደረሰው የቀሩትም 500 እንኳ እንደማይሞሉ፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች እንደሚኖሩ የነገረው የለም። ጭላዳም እንዲሁ ነው። ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ተለይቶ ሣር እየጋጠ የሚኖር እርሱ ብቻ መሆኑ ለሩቅ አገር ሊቃውንት ድንቅ ሲሆን፤ ለደጋው ልጅ ግን ጭላዳ ማለት የገብስ ሌባ ማለት ነው። የከተማው ልጅ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ያውቃል። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ የአንበሳ ግቢ ከተመሠረተ ወዲህ ብዙ ትውልድ አንበሳን ያየው በብረት ፍርግርግ ውስጥ ነው። የታሰረ አንበሳ የጥርሱን ርዝመትና የጋማውን ጥቍረት ያሳያል እንጂ እንዴት እንደሚኖር አያሳይም፤ ወህኒ ቤት ገብቶ ሰውን ያየ እንግዳ የሰውን ኑሮ ዐወቅሁ እንደማይል ሁሉ።

በዚህ መካከል ከሁሉ የሚበልጥ ዕውቀት ያለው እረኛው ልጅ ነው። የጅብን ዱካ ከውሻ ዱካ ይለያል፤ ተኵላ ከየትኛው ገደል እንደሚወጣ፤ ጭላዳ በስንት ሰዓት ወደ እርሻ እንደሚወርድ ያውቃል። ይሁን እንጂ ዕውቀቱ ሁሉ የጠብ ዕውቀት ነው። ወታደር የጠላቱን ሰፈር እንደሚያውቅ ያውቃል። አስተማሪውም ከከተማ መጥቶ፤ አውሬውን በመጽሐፍ ብቻ አይቶ፤ በዚህ ልጅ ፊት ቆሞ ስለ አራዊት ፍቅር ይናገራል። በዚህ ጊዜ ተማሪውና አስተማሪው ቦታ መለዋወጥ የሚገባቸው ይመስላል።

አስተማሪው ብዙ ጊዜ የሚይዘው መንገድ የጥቅም መንገድ ነው። አውሬው ይጠቅምሃልና አትግደለው ይላል። የሚያመጣቸውም ምስክሮች እውነተኞች ናቸው። በመቀሌ ከተማ ስለ ጅብ ተመርምሮ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፤ ጅቦች በየዓመቱ ከ200 ቶን የሚበልጥ የከብት ሬሳና የሥጋ ትራፊ ከከተማው እንደሚያነሡና፤ በዚህም ወደ ሰውና ወደ ከብት የሚተላለፍ በሽታን እንደሚቀንሱ ገምቷል። ሌሊት የሚሰደበው ጅብ ሌሊቱን ሙሉ ያለ ደመወዝ ሲጠርግ ያድራል ማለት ነው። በህንድ አገር ደግሞ ጥንብ አንሳ ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በድንገት ማለቅ ጀመረ። ምክንያቱ የተገለጠው በ2004 ዓ.ም. ነው። ለታመመ ከብት ይሰጥ የነበረ ዲክሎፌናክ የሚባል መድኃኒት በሬሳው ውስጥ ይቀርና፤ የበላውን ጥንብ አንሳ ኵላሊቱን አጥፍቶ ይገድለዋል። የህንድ መንግሥት መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ በ2006 ዓ.ም. ሲከለክል፤ ከሦስቱ ዋና ወገኖች ከመቶ 95 የሚበልጠው አልቆ ነበር። ሬሳው በየሜዳው ቀረ፤ ውሻም በላዩ በዛ። የማይወደድ፤ መላጣ፤ ጥንብ የሚበላ ወፍ ምን ይሠራ እንደ ነበረ የታወቀው ከጠፋ በኋላ ነው።

ስለ ጅብ ከተነሣ፤ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ልዩ ሆኖ የሚታይ አንድ ሌላ ምርመራ አለ። በትግራይ ተደርጎ በ2012 ዓ.ም. በኤውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ሲሆን፤ በዐቢይ ጾም በ55ቱ ቀን የጅብ ምግብ እንዴት እንደሚለወጥ የጅቡን ኵስ እየሰበሰቡ የመረመሩበት ነው። ሕዝቡ ሥጋ ሲተው የሥጋ ትራፊ ከየደጁ ይጠፋል፤ ጅቡም ፊቱን ወደ አህያ ይመልሳል። ከጾሙ በፊት የአህያ ጠጕር የተገኘበት ከመቶ 15 ያህል የነበረው፤ በጾሙ ወራት 33 ያህል ሆነ፤ ከፋሲካ በኋላም ተመልሶ ቀነሰ። ሰው ሲጾም ጅብ እንደማይጾም ባለ አህያው ሁሉ ከጥንት ያውቅ ነበር፤ አሁን ግን በቍጥር ተገኘ። ይህን ነገር በክፍል የሚሰማ ልጅ አንድ ከባድ ነገር ሳይከብደው ይማራል። የሰው ኑሮና የአውሬ ኑሮ በሁለት የተከፈለ አይደለም፤ ሰው ስለ ነፍሱ የሚያደርገው ነገር እንኳ ሳያውቀው ወደ ዱር ይደርሳል፤ ከዱርም ወደ አህያው በረት ይመለሳል።

የጥቅሙ ክርክር እንግዲህ ውሸት የለበትም። ጕድለቱ ሌላ ነው። በጥቅሙ የተወደደ ሰው ጥቅሙ ባለቀ ዕለት እንደሚጣል፤ አውሬም እንዲሁ ነው። ዋልያ ምን ይጠቅማል? ሥጋው አይበላ ዘንድ ተከልክሏል፤ አይታለብም፤ አይጫንም። እንግዳ ሊያየው ይመጣል፤ እንግዳውም ገንዘብ ይከፍላል ይባላል። መልካም። በ2020 በኤውሮፓ አቆጣጠር ወረርሽኝ መጥቶ፤ በላዩም ጦርነት ተጨምሮ እንግዳው ሁሉ ሲቀር፤ ዋልያው በዚያ ዓመት መኖር አይገባውም ነበርን? የእንግዳን ገንዘብ ብቻ የተማረ ልጅ ለዚህ የሚመልሰው ነገር የለውም። አንዳንድ መጽሐፍም ከጥቅሙ በላይ አልፎ ሲያጋንን ይገኛል። ቀይ ቀበሮ ከአይጥ በቀር ሌላ አይነካም የሚል ጽሑፍ በልጆች እጅ ይገባል። እውነት ነው፤ የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ አይጥና ፍልፈል ነው። ነገር ግን አልፎ አልፎ ግልገል የሚወስድበት ጊዜ አለ፤ እረኛውም ልጅ አይቶ ይሆናል። ያየ ልጅ አስተማሪውን በዚያች ሰዓት ማመን ይተዋል። በቀበሮው ብቻ አይደለም፤ በቍጥሩም በጂኦግራፊውም ይጠራጠረዋል።

ከጥቅም በላይ የሆነው መልስ በቤተ ክርስቲያን ዘንድ ተቀምጧል። ኖኅ መርከቡን በሠራ ጊዜ ንጹሑን እንስሳ ብቻ እንዲያስገባ አልታዘዘም። የማይበላውን፤ ለመሥዋዕትም የማይቀርበውን ርኩሱን ሁሉ ጥንድ ጥንድ አድርጎ አስገባ። ንጹሑ በብዛት ርኩሱ በጥቂት መግባቱ ለኖኅ ጥቅም እንደ ታሰበ ያሳያል፤ ርኩሱ ፈጽሞ አለመቅረቱ ግን ከኖኅ ጥቅም ሌላ አሳብ እንዳለ ይናገራል። ኢዮብም በመከራው ጊዜ ከእግዚአብሔር ዘንድ የተጠየቀው ስለ ሀብቱ ወይም ስለ ጽድቁ ብቻ አልነበረም፤ የዱር ፍየል የምትወልድበትን ጊዜ ታውቃለህን? ተብሎ ነው። ኢዮብ አያውቅም ነበር። ያችም ፍየል የኢዮብ ዕውቀት ሳያስፈልጋት ስትወልድ ኖራለች። እንዲህ ያለውን ነገር የሚሰማ ልጅ፤ ለእርሱ ሲባል ያልተፈጠረ ነገር በዓለም እንዳለ ይረዳል፤ ይህም ለልጅ ቀላል ትምህርት አይደለም፤ ለሽማግሌም ቢሆን።

ግን ይህ መልስ በማን አፍ ይነገር? በግ የሌለው ሰው ስለ ተኵላ መብት ቢናገር ቃሉ አያስከፍለውም። ከተሜው በወንበሩ ተቀምጦ የፍጥረትን ክብር ሲያደንቅ፤ ለአድናቆቱ ዋጋ የሚከፍለው በሌሊት በረቱ የተሰበረበት ባላገር ነው። ሌላው ቢቀር የስሜንን ነገር ማሰብ ይበቃል። የስሜን ተራሮች ፓርክ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. ከዓለም ቅርሶች ጋራ ተመዘገበ። ዋልያ በዱር የሚገኘው በዓለም በዚያ ብቻ ነውና፤ የዋልያው ቍጥር አንሶ እርሻና ግጦሽ በዝቶ በተገኘ ጊዜ በ1996 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያም በፓርኩ ውስጥ በጊጭ መንደር ይኖሩ የነበሩ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች በ2016 ዓ.ም. ከቦታቸው ተነሥተው ወደ ደባርቅ ከተማ ወረዱ። በሚከተለው ዓመት በ2017 ዓ.ም. ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ተሰረዘ። ተራራው መተንፈሱ እውነት ነው። ገብሱን ዘርቶ በጎቹን አርብቶ የኖረ ሕዝብ የአያቶቹን ቀዬ መተዉም እውነት ነው።

እንግዲህ ከጊጭ የወረደ ልጅ በደባርቅ በአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ተቀምጧል እንበል። አስተማሪው የዋልያን ሥዕል ሰቅሎ፤ ይህ የአገራችን ክብር ነው፤ ሰዎች ሣሩን አስጨረሱበት፤ ገደሉት፤ ሊጠፋ ደረሰ፤ ብሎ ያስተምራል። ሰዎች የተባሉት ማን እንደ ሆኑ ልጁ ያውቃል። አባቱ ነው። አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝ በአንድ ጕባኤ፤ አባትህ አጥፊ ነው የሚለው ትምህርት በሌላ ክፍል ቢሰጠው፤ ልጁ ከሁለቱ አንዱን ሊጥል ነው። ወይ አባቱን ይንቃል፤ ወይ ዋልያውን ይጠላል። ሦስተኛም አለ፤ እርሱም ከሁሉ የሚበዛው ነው፤ ለፈተና የሚጠየቀውን ሸምድዶ በልቡ ምንም ሳያኖር ይወጣል።

ከዚህ ጭንቀት የሚያወጣው ሰው ራሱ እረኛ የነበረው ዳዊት ይመስላል። በመጽሐፈ ሳሙኤል እንደ ተጻፈ ዳዊት የአባቱን በጎች ሲጠብቅ አንበሳና ድብ እየመጡ ከመንጋው ጠቦት ይወስዱ ነበር፤ እርሱም ተከትሎ ከአፋቸው አስጣለ፤ ገደላቸውም። በዚህም ማንም አልወቀሰውም። የአንበሳ ግልገል ምግቡን ከእግዚአብሔር ይለምናል ብሎ የዘመረውም ይኸው ሰው ነው። የአንበሳን ጥርስ በሥዕል አልነበረም ያየው፤ የጠፋው ጠቦትም የሰው ጠቦት አልነበረም። አንበሳው የአባቱን በግ እንደሚበላ ያውቃል፤ አንበሳው የሚበላውን የሚሰጠው ማን እንደ ሆነም ያውቃል። አንዱ ዕውቀት ሌላውን አላጠፋበትም። በረቱን የጠበቀ እጅና ስለ አንበሳው የዘመረ አፍ የአንድ ሰው መሆናቸውን ያስተዋለ አስተማሪ፤ ልጁን ከሁለት አንዱን ምረጥ ብሎ አያስጨንቀውም።

ከዚህ የሚከተለው የሥራ ነገር ነው። ትምህርቱ ከጕዳቱ ይጀምር። ስለ ነብር በሚነገርበት ዕለት ነብር ፍየል የወሰደበት ልጅ ቀድሞ ይናገር፤ ዋጋዋም ስንት እንደ ነበረ በሰሌዳ ይጻፍ። ይህ የቍጥር ትምህርት ጭምር ነው። ከዚያ በኋላ በረት እንዴት ቢታጠር አውሬ አይገባም፤ ከብት በስንት ሰዓት ቢገባ ይሻላል፤ የሚለው ይከተል። መንጋን ከበረት ደጅ መከላከልና፤ አውሬውን እስከ ዋሻው ተከትሎ ከነግልገሎቹ ማጥፋት አንድ ሥራ አለመሆናቸውን ልጁ በዚህ ጊዜ ያለ ብዙ ስብከት ይለያል። አባቱም ትምህርቱን ቢሰማ የሚያፍርበት ነገር አያገኝም፤ ምናልባትም ስለ በረቱ አንዳንድ ነገር ለመጨመር ይወዳል።

እንዲያውም አውሬው፣ አባትና ልጅ በአንድ ነገር የሚጠቀሙበት ጊዜ አለ። ቀይ ቀበሮን ከጥይት ይልቅ የሚፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በባሌ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1991፣ እንደገናም በ2003ና በ2008 በሽታው ከመንደር ውሾች ወደ ቀበሮዎቹ ተላልፎ እጅግ ብዙዎችን አጠፋ። ቀበሮው በኅብረት የሚኖር፤ ሲገናኝም አፍ ለአፍ የሚሳሳም አውሬ ስለ ሆነ፤ አንዱ ከታመመ ቤተ ሰቡ ሁሉ ይያዛል። ስለዚህም ከ1995 ጀምሮ የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ሥራ የያዙ ሰዎች የመንደር ውሾችን መከተብ ዋና ተግባራቸው አደረጉ፤ ወደ ተማሪ ቤቶችም እየሄዱ ያስተምራሉ፤ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ የተደረገ ክትባት ማብላት ተጀመረ። ውሻውን ግን ወደ ከታቢው የሚያመጣው ማን ነው? ውሻው የሚታዘዘው ለእረኛው ልጅ ነው። ያው ክትባት ቀበሮውን ያድናል፤ ላሚቱን ያድናል፤ ከሁሉ በፊትም ልጁን ያድናል፤ ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላልና። በዚህ ነገር ካህናትም ድርሻ አላቸው። ውሻ የነከሰውን ልጅ ወላጆቹ ወደ ጸበል ባመጡት ጊዜ፤ ቍስሉ በውሃና በሳሙና እንዲታጠብና ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም ቤት እንዲሄድ የሚያዝዝ ካህን ቃሉ ከሐኪሙ ቃል ይልቅ ይሰማል።

ሁለተኛው የሥራ ነገር አያቶችን መጠየቅ ነው። በመንዝ የጓሳ ምድር ከጥንት ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቈያል፤ ከብት አይገባበትም፤ አይታጨድም፤ የሚከፈትበትን ጊዜ የሚወስኑት የተመረጡ አለቆች ነበሩ፤ ሕጉን ያፈረሰም በብርቱ ይቀጣ ነበር። ሥርዓቱ የታሰበው ለጣራ ክዳንና ለክፉ ቀን ግጦሽ ነው፤ ስለ ቀበሮና ስለ ጭላዳ የተጻፈ አንቀጽ አልነበረውም። ነገር ግን ሣሩ በተጠበቀ ጊዜ አይጡም ቀበሮውም ጭላዳውም አብረው ተጠበቁ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ቀሮ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን ቆይቶ ጥበቃውን በሌላ መልክ አቆመው። በዚያ አካባቢ ያለ ልጅ ስለ ጥበቃ ከመጽሐፍ ከመማሩ በፊት አያቱን፤ ጓሳ በስንት ዓመት ይከፈት ነበር? ብሎ ቢጠይቅ፤ አጥፊ ሲባል የሰማው አባትና አያት የሕግ ባለቤት ሆነው ያገኛቸዋል።

በዚሁ በጓሳ ሊቃውንት ያዩት አንድ ነገር ለሕፃናት ሊነገር ይገባል፤ ጥቅሙ ሳይሆን ደስታው ስለሚበቃ። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ቀስ እያለ ሲሄድ ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እርሱም ብዙውን ጊዜ ግልገሎቻቸውን አይነካም። ብቻውን ሲያድን አይጥ የሚይዘው ከመቶ 25 ጊዜ ያህል ሲሆን፤ በጭላዳ መካከል ሲያድን ግን 67 ጊዜ ይይዛል። ምናልባት ጭላዳው ሣሩን ሲያንቀሳቅስ አይጡ ይደናገጥ ይሆናል፤ ምናልባትም የጭላዳው ብዛት ቀበሮውን ይሸሽግለት ይሆናል። ምክንያቱን አስተማሪው ለልጆቹ ከመንገሩ በፊት ቢጠይቃቸው፤ እረኛ የሆነው ልጅ ማንም ያላሰበውን መልስ ሊያመጣ ይችላል።

ስለ ገንዘብ የሚነሣው ክርክር በአጭሩ ይመለሳል። ለዚህ ትምህርት የሚያስፈልገው ቤት ብዙ ጊዜ ተሠርቶ ቆሟል። በሰሜኑ ደጋ የቀደመው ዱር የቀረው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው፤ ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው፣ ኮሶው በዚያ ተጠብቋል፤ ወፉም ጉሬዛውም በዚያ ተጠግቷል። አለቃው ፈቅዶ አንድ ክፍል ተማሪ በሳምንት አንድ ጊዜ በቅጥሩ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ ቢቀመጥና ያየውን ቢጽፍ፤ ንባብና ጽሕፈት ከዚያው አብሮ ይገኛል። ዝም ማለቱ ከጽሕፈቱ ይከብዳል። ጫጩት ከጎጆ ማውረድና ድንጋይ መወርወር በመጀመሪያው ቀን መከልከል አለበት፤ አስተማሪውም እባብ ሲያይ ከልጆቹ ቀድሞ እንዳይሮጥ ራሱን ማስለመድ ይኖርበታል።

በደባርቅ የተቀመጠው የጊጭ ልጅ ግን ገና መልስ አላገኘም። ቤቱ የፈረሰው ለዋልያ ሲባል እንደ ሆነ ቢጠይቅ፤ አይደለም ብሎ መሸንገል አይቻልም። ይገባ ነበር ወይስ አይገባም ነበር የሚለውን አንድ የተማሪ ቤት አስተማሪ ሊፈርደው አይችልም፤ ሊፈርደውም አይገባም። በክፍሉ ካሉት ሁሉ ግን ዋልያ ከገደሉ ወጥቶ በጅባራው መካከል ሲሄድ ያየ፤ በጧት ከየት በኩል እንደሚመጣ፤ ግልገሎቹ በየትኛው ወር እንደሚታዩ፤ ድንጋይ ሲንከባለል እንዴት እንደሚደነግጥ ከአባቱ ጋራ ቆሞ ያወቀ እርሱ ነው። አስተማሪው የተሰቀለውን ሥዕል አውርዶ በልጁ እጅ ይስጠው፤ ወደ ፊት አውጥቶም ይጠይቀው፤ ራሱ ከተማሪዎቹ ጋራ በወንበር ይቀመጥና ይስማ።